ያለ ጊዜው ያበበው የጅብ ሽንኩርት

ልደታ፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት እናቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ? የሰላሌ ብርድ አልበረታብዎትም? እኔ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም እንጂ ጤናዬ ደህና ነው። ወረቀቱን የሚያመጣልዎት ቅቤ ነጋዴው ዋቅሹማ፣ የሚያነቡልዎትም የንስሐ አባታችን አባ ገብረየሱስ ስለሆኑ ሳልሸፋፍን እጽፋለሁ። ካስነበቡት በኋላ ያቃጥሉት።

እማማ፣ የጅብ ሽንኩርቱ አበበ።

ጣልያን ሊገባ ሰሞን የአባባን ምንሽር ጠመንጃ ጓሮ ስንቀብር፣ ከወንዝ ዳር አምጥተን ከላዩ የተከልነውን ማለቴ ነው። እጅ ያሳክካል፣ ውሻም አይቆፍረው፣ ሰውም አይነካው ብለው የመረጡት እርስዎ ነዎት። ሽንኩርቱን በክንድ ጥልቀት አስቀበሩኝ። አበባ የሚሰጠው ከስንዝር ሳያልፍ ሲቀበር ነው፤ ከጠለቀ ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ቅጠሉን ደግሞ ማንም ልብ አይለውም አሉኝ። እውነትዎን ነበር፤ አምና አንድም አበባ አላየንም።

ዘንድሮ የመስቀል ማግስት ጠዋት ብወጣ ዘጠኝ አበባ፣ ቅጠል የሚባል ሳይኖረው፣ ከባዶ መሬት ወጥቶ በምንሽሩ ልክ ተሰልፏል። ክው አልኩ። ልቀጥፈው ጎንበስ ስል፣ ቤት ለቤት መሣሪያ የሚያስሱት የጣልያን ፈታሾች በሩን ገፍተው ገቡ።

አለቃቸው ጣልያን ቤቱን እንኳ ሳያይ አበባው አጠገብ ተንበረከከ። አስተርጓሚው እንደነገረኝ፣ በአገሩም መከር ሲደርስ እንዲህ ቅጠል ሳያወጣ የሚያብብ አለ፤ ለእናቱ ሊልክላት ፈልጎ ዶማ አምጪ አለ። ያሳክካል፣ የጅብ ነው ብዬ ባስጠነቅቀው ሳቀ። እኔ ልቆፍርልዎ ብልም እምቢ አለኝ።

መሣሪያ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ልደታ ማርያምን እየጠራሁ ቆምኩ። ሽንኩርቱ በስንዝር ወጣ። በስንዝር! እኔ በክንድ ነበር የቀበርኩት። ሰውዬው ሌላ ካለ ብሎ እየቆፈረ ወረደ። ዶማው ድንገት ቀጭ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ የእኛው የወፍጮ መጅ ነው፣ ያ ጫፉ የተሸረፈው። ከሥሩ ጠጠር ተደልድሏል፣ ሌላ ምንም የለም። አስተርጓሚው ይህ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ አፈጠጠብኝ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ውሃ ከተኛበት ስለሚበሰብስ ነው አልኩት። አለቃው ይህን ሲሰማ ጎበዝ አትክልተኛ ነሽ ብሎኝ ሽንኩርቱን በመሐረቡ ጠቅልሎ ሄደ። ሲያክክ ይደር።

ያን መጅ ጠጅቱ ተውሳ አስቀረችው ያሉኝ እርስዎ አልነበሩም? ከግንቦት ጀምሮ ደህናዋን ጎረቤቴን ሌባ እያልኩ ስሟን ሳጠፋ ከረምኩ! ትናንት ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ምን ነክቷታል ሳትለኝ አልቀረችም፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም።

እማማ፣ ተቆጥቻለሁ። አብሬዎት ልሂድ ስል ጓሮውን ማን ይጠብቃል ብለው አስቀሩኝ። ክረምቱን ሙሉ በባዶ ጉድጓድ ላይ ዘብ ቆምኩ። እርስዎ ወገቤን አመመኝ፣ ጠበል ልጠመቅ ብለው ሲነሱ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን የስለት ጥላ ትከሻዎ ላይ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ምነው ከበደ ብልዎት ዘንጉ ወይራ ነው አሉኝ። ኬላው ላይ ወታደሮቹ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው ብለው ሳይነኩት እንዳሳለፉዎት ዋቅሹማ ነግሮኛል።

ታዲያ ስለትዎ ሰመረ? ባዶ እጁን ጫካ የገባው ወንድሜ ፍሰሐስ ጥላው ደረሰለት?

ቁጣዬን ይቅር ይበሉኝ። የቀሩትን ስምንት አበቦች አልቀጠፍኳቸውም፣ መጁንም አጥቤ ቦታው መልሼዋለሁ። ወገብዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎት፣ ፍሰሐንም ከክፉ ይሰውርልን። ዳግመኛ ሲሳሉ ግን አይደብቁኝ፤ ዘንጉን እኔ እሸከመዋለሁ።

ጓሮ ጠባቂዋ ልጅዎ