«አንተ ቅደም» የተባባልንበት ሩጫ

ይድረስ ለእህትም ለእናትም ለሆኑኝ ለእትዬ ሠርኬ፣
ደሴ።

እንደምን ከርመዋል እትዬ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎ? የደሴ ብርድ በሁዳዴ ባዶ ሆድ ላይ ሲጨመር እንደማይስማማዎ አውቃለሁና ሐሳቤ ከእርስዎ ዘንድ ነው። ጋሼ ኃይለመለኮትንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሱቁም የጾም ገበያ እንደሚሆነው ሆኖ ይውላል። ደህና ነን የምልዎ ግን ስለ ሰውነታችን ነው። ልቤ ደህና አይደለም፤ ብዕር ያስያዘኝም እሱ ነው።

እንድሪስ የሚባል ወሎዬ ተሸካሚ እዚህ እኛ ዘንድ ነበረ። ከሸማ ተራም ከበርበሬ ተራም በእሱ ጀርባ ዕቃ ያላስጫነ ነጋዴ የለም። ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ። ሚስቱ ቀደም ብላ አርፋ ስለነበር ሰዓደትና ሰላሁዲን የሚባሉ ሁለት ልጆቹ ብቻቸውን ቀሩ። አከራያቸው እትዬ ቦሰና፣ የሙት ልጅ ከደጄ አላስወጣም ብለው አስጠጓቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ጉልት ላይ ሽንኩርት ቸርችረው የሚያድሩ ድሃ ናቸው።

በየካቲት መጀመሪያ የሁለቱ ተራ ሰዎች ተሰብስበን ለእነዚህ ልጆች አንድ ነገር እናድርግ ተባባልን። መዋጮ ይሁን ቢባል ማንም ቀልቡን አልሰጠውም፤ የእኛ ሰው ያለ ጨዋታ ኪሱ እንደማይፈታ ያውቃሉ። ሁለቱ ተራ ደግሞ ሲተራረብ የኖረ ነው። እኛ ሸማ ተራዎቹ፣ በርበሬ ተራ ከማስነጠስ ሌላ ምን ያውቃል እንላለን፤ እነሱ የሸማ ነጋዴ ሸማ ከሚለካበት ክንዱ በቀር ምኑ ይንቀሳቀሳል ይሉናል። እንግዲያው ከየተራው አንድ አንድ ሰው ይሩጥ፣ የተሸነፈው ተራ ልጆቹን ዓመት ሙሉ ያብላ፣ ያልብስ፣ የቤት ኪራያቸውንም ይቻል ተባለ። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ወልደሚካኤል ፈራጅ ሆኑ። ከሸማ ተራ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። አይሳቁብኝ እትዬ፤ ቦርጭ ገና አላወጣሁም። ከበርበሬ ተራ ኑሪ ተመረጠ። ኑሪ ያ የጉራጌው ወዳጄ ነው፤ አዲስ አበባ የገባሁ ጊዜ የሱቁን ደጃፍ ለቆልኝ ንግድ ያስጀመረኝ፣ በዕድሜም ከእኔ ከፍ የሚለው።

እሑድ ማለዳ ከተክለ ሃይማኖት ተነሥተን መርካቶን ዞርን። ራጉኤል አጠገብ ገመድ ተወጥሮ ይጠብቀናል፤ ግራና ቀኙ ሰው በሰው ነው። እስከ አውቶቡስ ተራ ኑሪ ሲመራ ቆይቶ ከዚያ ደረስሁበት፤ ገመዱ ጋ ስንቃረብ ጥዬው ወጣሁ። ወዲያው ያ የለቀቀልኝ ደጃፍ ትዝ አለኝ። ታላቄንና ባለውለታዬን በሰው ፊት ጥዬ መግባት ነውር መሰለኝና ገመዱ ሥር ቀጥ ብዬ ቆምሁ፤ ኑሪ አንተ ቅደም አልሁት። እሱም ቆመ። ወላሂ ወንድሜን በሕዝብ ፊት አላሳፍርም፣ አንተ ግባ አለኝ። እኔ አንተ ስል እሱ አንተ ሲል፣ ሰርግ ቤት በር ላይ እንደተገናኙ ሽማግሌዎች ተገተርን። በመጨረሻ እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን።

እልልታው ቀለጠ። ጋሼ ወልደሚካኤልም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ዛሬ ተሸናፊ የለም ብለው ፈረዱ። እኔም ከዚህ የበለጠ ፍርድ የለም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ለካስ ተሸናፊ ከሌለ ከፋይም የለም። በማግሥቱ የእኛዎቹ፣ ሳንሸነፍ ብንከፍል ተሸነፉ ይባላል አሉ። በርበሬ ተራዎቹም ያንኑ አሉ። እኩል እንካፈለው ብዬ ብለምናቸው፣ ግማሽ መክፈል ግማሽ መሸነፍ ነው ብለው አሾፉብኝ። እንደገና ይሮጡ ተባለ። መጀመሪያ እነሱ ዘንድ ለቅሶ ሆነ፤ ቀጥሎ ሁዳዴ ገባ፣ በባዶ ሆድ እንዴት ይሮጣል ተባለ፤ ከዚያ ደግሞ ዓረፋ ይለፍ ተባለ። እትዬ ቦሰና በመጡ ቁጥር ሁላችንም ነገ እንላቸዋለን። እኔስ ምን ነካኝ እትዬ? ከመደርደሪያዬ አንድ ጋቢ አውርጄ ለልጆቹ ባለብስ እጄን የያዘ ሰው አልነበረም። ተራህን አዋረድህ እንዳልባል ፈራሁ። ኑሪም እንደኔው ሰው ምን ይለኛል ብሎ እጁን ሰበሰበ።

ዓረፋ ባለፈ በሳምንቱ ሐዋ ነኝ የምትል የብርድ ልብስ ነጋዴ ከደሴ መጣች። የአባታቸው ዘመድ ነኝ ብላ ሰዓደትን ይዛት ሄደች። ወንዱን፣ ይህ ገና ነው፣ ለሥራ አይደርስም ብላ ተወችው። ዘመድ እንዲህ ይመርጣል? እትዬ ቦሰናን ለምን ሰጧት ብዬ ብቆጣ፣ እናንተ ማን ቀደመ ማን ቀደመ ስትባባሉ ልጆቹ ጦማቸውን እያደሩ እኔ በምን አፌ እምቢ ልበላት አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ተመለስሁ።

ወሬው እንደተሰማ ሁለቱም ተራ ኪሱን ፈታ፤ እህሉም ልብሱም መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሰላሁዲን አሁን ኑሪ ቤት ነው። የኑሪ ሚስት ሐጀራ እንደ ልጇ ይዛዋለች፤ እሱ ግን የተገዛለትን ልብስ እህቴ ሳትመጣ አልለብስም ብሎ እንደታጠፈ አስቀምጦታል።

እትዬ፣ እርስዎ ሰኞ ገበያን እንደ ጓዳዎ ያውቁታል። ረጅም፣ የወርቅ ጥርስ ያላት የብርድ ልብስ ነጋዴ ሐዋን ይጠይቁልኝ። ሰዓደት ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጠይም ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ አሁን መሳቋን እንጃ። ሴትዮዋ በእርግጥ ዘመድ ሆና ልጅቱን በወጉ ይዛት እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ወንድሟን ወስደን እናገናኛታለን። ለጉልበቷ ወስዳት ከሆነ ግን ጋሼ ኃይለመለኮት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘው ያነጋግሯት፤ እኔና ኑሪ መልእክትዎ በደረሰን ቀን አውቶቡስ እንሳፈራለን።

ለጋሼ ኃይለመለኮት እጅ እነሣለሁ። ቦጋለ ትምህርቱን ይበርታ። የእቴቴን ጉንጭ በእኔ ፈንታ ሳም ሳም ያድርጉልኝ። ባለቤቴ ጉልበትዎን ትስማለች፤ ልጆቹም ሰላም ብለዋል። ኑሪና ሐጀራ ባያውቁዎትም በአላህ ስም ይለምኑዎታል። ሰዓደትን ካገኟት ደግሞ ወንድሟ ደህና መሆኑን ይንገሯት። ያን ቀን ራጉኤል ደጃፍ ቆማ ስታጨበጭብልን ነበርና፣ አሸብርና ኑሪ ሁለቱም ተሸንፈዋል ይበሏት።

ታናሽ ወንድምዎ
አሸብር

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሸማ ተራ
ሚያዝያ ፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.