የመቃብር ቦታዬን ስላሳመሩልኝ

ለክቡር ሲ ሙንጂ በን ሸባን፣
የሲዲ መርዙግ ማዘጋጃ ቤት የልደትና የሞት መዝገብ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሦስት ዓመት ሙሉ በመሳቢያዎ ውስጥ አቅፈው ላሳደጉት ማመልከቻዬ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስ። ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠና ይሁን። እኔ ደስታዬ ወሰን የለውም። ባለፈው ማክሰኞ «አቲግ» የምትለዋን ቃል ከስሜ ላይ አንሥታችሁ አዲሱን ወረቀት ስትሰጡኝ፣ በኮሪደራችሁ እልል ብዬ ዘበኛው እንደተቆጣኝ ሳይሰሙ አልቀሩም። የእርስዎ ቅድመ አያት የአያቴን አያት ከባርነት ስለለቀቁት፣ እኛ ዘር ማንዘራችን «አቲግ በን ሸባን»፣ ማለትም «የበን ሸባን ቤት ነጻ የለቀቀው» ተብለን ስንመዘገብ ኖረናል። እስከ ማክሰኞ ድረስ እየተለቀቅን ነበር ማለት ነው።

መሥሪያ ቤት ቁጥር ስለሚወድ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጸሐፊዎ «ያሚና በን ሸባን» እያለ ሦስት ጊዜ ሲጣራ አልተነሣሁም። እኔም እንደ ሌላው ባለጉዳይ ዞር ዞር እያልኩ የምትነሣውን ሴት ስፈልግ ነበር፤ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በዓይኔ ስፈልግ የነበረው ቀይ ሴት ነው። አምሳ ሁለት ዓመት መስተዋት ያየሁ ሰው ስሙን ስሰማ ጥቁር መልኬን ረሳሁት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገና አልወሰንኩም።

2ኛ. ጎረቤቴ ላላ ዙህራ ወረቀቴን አይታ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ደስታዋ ከልቧ ነው። ወዲያውም ለልጇ ሠርግ ጠራችኝ። «ያሚናዬ፣ አንቺማ እንግዳ አይደለሽም፣ የቤት ሰው ነሽ። በጠዋት በጓሮ በር ግቢ፤ ድስቶቹ ያላንቺ አይሆኑም» አለችኝ። እናቴም በዚያ ቤት የቤት ሰው ነበረች። ሦስት ሙሽሮች ሲዳሩ የአንዷንም ፊት አላየችም።

3ኛ. አባቴ ፈረጅ፣ ባሕር ውስጥ እንስራ እያሰጠመ ኦክቶፐስ ሲያጠምድ የኖረው ሽማግሌ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን አመልክቶ ነበር። በመስኮታችሁ ፊት ቆቡን አውልቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሙሉ ስሙን ከነቃሏ ተናገረ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን «ልጄ፣ ያቺን ካነሷት በኋላ ሲጠሩኝ፣ እኔ መሆኔን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ሳቅሁበት። ማክሰኞ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሞተ። ቃሏን ከሞት ወረቀቱ ላይ እንድታነሡልኝ ብለምን፣ ጸሐፊዎ ባለጉዳዩ በአካል ቀርቦ መፈረም እንዳለበት በትሕትና አስረዳኝ። መቅረብ እንደማይችል ስነግረው ደግሞ ውክልና ጠየቀኝ። የመቃብር ጠባቂው አም ሳሲ ወረቀቱን አንብቦ አባቴን ከቁልቋሉ አጥር ማዶ፣ የተለቀቁት ዘር ከሚቀበርበት ከትንሹ መቃብር አስገባው። የዚያን ቦታ ስም አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ አልጽፈውም።

4ኛ. ሐሙስ ዕለት ሄጄ ከአባቴ አጠገብ ቦታ እንዲይዝልኝ አም ሳሲን ለመንኩት። አዲሱን ወረቀቴን ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ «ልጄ፣ አንቺ እኮ አሁን ከወዲያኛው ነሽ። ይህ ወረቀት እዚህ አያስቀብርሽም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ነው።

የአባቴ ባዶ እንስራዎች ግቢያችን ውስጥ ተደርድረዋል። ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ጋደም ሲል፣ የባሕሩ ነፋስ በአፋቸው ገብቶ ያጉረመርማል። በዚያ ውስጥ አባቴ ሙሉ ስሙን ሲናገር እሰማዋለሁ፤ ከነቃሏ፣ ልክ በመስኮታችሁ ፊት እንዳለው። ተናግሮም ይጠብቃል። «አቤት አባዬ» እላለሁ። አይሰማኝም መሰለኝ፣ እንደገና ይጀምራል።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እንዲያደርጉልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ፦ ወይ ቃሏን ከሞተው ሰው ላይ ያንሡለት፣ ወይ ለእኔ ይመልሱልኝ። ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ ጽፌዋለሁ ግን።

አባቷን ባጣች በዘጠነኛው ቀን በቸርነትዎ ነጻ የወጣች፣ ትእዛዝዎን በትዕግሥት የምትጠባበቅ፣

ያሚና በን ሸባን

ማስታወሻ፦ አም ሳሲ ባዶ እጄን አልሰደደኝም። በትልቁ መቃብር በቤተሰብ ስም ስለሚቀበር፣ በአዲሱ ወረቀቴ መሠረት የሚገባኝን ቦታ አሳየኝ፦ ከወይራው ጥላ ሥር፣ በክብርት እናትዎ መቃብርና ለእርስዎ በተያዘው ቦታ መካከል ነው። ልመናዬ ካልተፈጸመ እዚያው እተኛለሁ። ብዙ እንደማወራ ደግሞ ጸሐፊዎን ይጠይቁት።