የጌታቸው ባቄላና የእኔ ንቦች

እሑድ፣ መስከረም 11
ባቄላው ላይ ክሽክሽ ገባ! ጌታቸው ቀንበጥ ቆርጦ አመጣልኝ፤ ትንንሽ ጥቁር ተባይ ወሮታል። «እትዬ፣ ተበላሁ» አለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ መሬት ያገኘው ገና ዘንድሮ ነው። የወሉ ሜዳ ለወጣቶች ይከፋፈል ሲባል ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም። ንቦቼ ግን በመስከረም የሚበሉት ከዚያ ሜዳ አበባ ነበር። አሁን ሜዳው ታርሶ የቀራቸው የባቄላው አበባ ብቻ ነው።

መርጨቱ እንግዲህ አይቀርም። መርጫው ለሁሉም አንድ ስለሆነ በተራ ነው። የሱ ተራ ነገ ነው፤ ነገ ደግሞ ሚካኤል።

ሰኞ
ቀኑን ሙሉ ጉም። ከንቦቼ አንዲትም አልወጣች። ለመርጨት እንዲህ ያለ ቀን ከየት ይገኛል! ደፍሬ «ጌታቸው ዛሬ ይርጭ?» ብዬ ሽማግሌያችንን አያ ሽፈራውን ጠየቅኋቸው።
«ለንብ ብለሽ በሚካኤል በረዶ ልታወርጂብን ነው?» አሉኝ።
በረዶውን እኔም እፈራለሁ። ተራው ወደ ረቡዕ ጠዋት ተገፋ።

ማክሰኞ
ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጠላሁት።
ጌታቸውን ማታ ንቦቹ ሲገቡ እርጭ ስለው፣ ማታ መርጫው የሌላ ሰው ነው አለ። የነገ ጠዋቱ ተራ ካመለጠው አንድ ሳምንት ይጠብቃል፤ ባቄላው ሳምንት አይቆይም። የሱ ሠርግ ለጥር ነው፤ ድግሱም የሚደገሰው ከዚያው ባቄላ ነው። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። በኋላ ግን «እርጭ፣ ምን ታደርግ» አልኩት። እኔ ቀፎ እዘጋለሁ።

ረቡዕ
ሳይነጋ የቀፎዎቹን አፍ ሁሉ በስስ ጨርቅ ደፈንኩ። ረፋድ ላይ የመድኃኒቱ ሽታ መጣ። ፀሐዩ ከረረ። ንቦቹ ውስጥ ሆነው ይጮሃሉ፤ እንዲህ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። ጆንያ በውሃ እያራስኩ አለበስኳቸው። ወደ ማታ አንደኛው ቀፎ ጸጥ አለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም።

ሐሙስ
ጌታቸው በጠዋት መጣ። «ክሽክሹ ረገፈ!» ፊቱ ሲበራ ከልቤ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀፎዎቹን አየ። «እስከ መስቀል እንዳታስወጪያቸው። መድኃኒቱ አበባው ላይ እስከዚያ ይገድላል ብሏል የሸጠልኝ ሰው።»
እስከ መስቀል ከዘጋሁ ታፍነው ያልቃሉ። ከከፈትኩ ደግሞ የሚሄዱበትን አውቃለሁ።
ከፈትኩ።
ከዝምተኛው ቀፎ የወጣ የለም። ሌሎቹ ግር ብለው ወጡ፤ ቤቱን አንዴ ዞሩና ቁልቁል ወደ ባቄላው። ጌታቸው ሊያባርራቸው ተከትሏቸው ሮጠ። ከደጃፌ ሆኜ አየዋለሁ፤ ጋቢውን እያወናጨፈ፣ አበባውን እየረገጠ፣ በገዛ ባቄላው መሃል ይሮጣል። ተው ልለው ነበር። አላልኩትም።