በገዛ ጣቶቼ ያስተየብከኝ ደብዳቤ

ደሬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል አስቀድሞ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ይላል። እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን ያድርገኝ። መቼም ተነስተህ አትመልስልኝ። በሕይወት ሳለህም ስቆጣህ ዝም ነበር የምትለው፤ ስለዚህ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም።

እስቲ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፤ ሳላወራ በቀጥታ ወደ ጠብ መግባት አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ። አቮካዶዋ ዘንድሮ ቅርንጫፏ መሬት እስኪነካ አፈራች፤ "መካን ናት፣ ትቆረጥ" ያልካት ናት። የኩሽናው ጣሪያ ተጠገነ። ስድስት ዓመት ሙሉ "በሚመጣው ቅዳሜ" ስትለው የኖርከውን አናጢው በግማሽ ቀን ጨረሰው። ሱቄ እዚያው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነው፤ ወረቀት የምትበላው ፕሪንተር ሞታ ሌላ ተክቻለሁ። ጫማዎችህን ለዘበኛው ሰጠሁ። ኮትህን አልሰጠሁም፤ ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ትዕግሥትም ደህና ናት። ወደ እሷ ነው የምመጣው።

እናትና አባታችን ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከይርጋጨፌ አውቶቡስ ተራ እጇን ይዘህ ያመጣሃት አንተ ነህ፤ ይሄን አልክድህም። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም፣ ታናሽ እህቴን ሰጠን። ጫማዋን ስታስርላት፣ የክፍል ሥራዋን ስትሠራላት አይቼ "ይህን የመሰለ ባል የት ይገኛል" ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። አንተው ባለህበት ትምህርት ክፍል ገብታ ሳይኮሎጂ ተማረች፣ ማስተርሷን በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ያዘች፣ ሆስፒታል ገባች። ሰው አእምሮው ሲታወክ፣ ሐዘን ሲሰብረው እሷ ዘንድ ይላካል። ቀረ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዶክትሬት። ሦስት ዓመት በተከታታይ አዲስ አበባ አመለከተች፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ለቃለ መጠይቅ እንኳን ሳትጠራ ቀረች።

አሁን አንተና እኔ የተገናኘንበትን ላስታውስህ። እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ወድቄ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ገበያው አጠገብ አንዲት ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንተ አዲስ መምህር፣ የተማሪ ሃንድአውት ይዘህ መጣህ። እጅ ጽሑፍህ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። ሌሎቹ ታይፒስቶች "ይሄን ለእሷ ስጡልን" እያሉ ወደ እኔ ይገፉታል። የዚህን ሰው ጽሑፍ የማነብለት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ኮራሁ። ማንበብ አልነበረም ለካ። ፊደል መለየት ነበር። እንግሊዝኛ በጣቴ ገባ እንጂ በጆሮዬ አልገባም።

ተማሪ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ሲለምንህ መልስህ አንድ ነበር፤ "ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ።" አንተ ብቻ አይደለህም፣ ብዙው መምህር እንደዚያው ነው። ልጆቹም እኔ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ያመሰግናሉ። "ማዘር፣ ታታሪ ነው ልበል ወይስ በጣም ታታሪ ነው?" ይለኛል አንዱ። "እኔ ምን አውቄ፣ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?" እለዋለሁ። ይስቃል፣ "በጣም" ይላል። አንተ ሳታነብ ትፈርማለህ፣ ስምህ ያለበትን ቲተር ትመታበታለህ፣ ልጁ መርቆህ ይሄዳል። ከብዛቱ የተነሳ "ኤክሰለንት" የምትለዋን ቃልና መጨረሻ ላይ የማትቀረውን "ሃይሊ ሬኮመንድ" የምትለዋን በመልካቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ።

ለትዕግሥት ግን "የእሷን እኔው ራሴ ነኝ የምጽፈው" አልክ። ልጅቷ በደስታ አለቀሰች። በእጅህ ጽፈህ አመጣህልኝ፣ እኔም ከሁሉ አስበልጬ፣ ዳርና ዳሩን አስተካክዬ፣ በወፍራም ወረቀት አወጣሁት። "ደሬ፣ ያቺ ሃይሊ የምትለዋ የለችበትም'ኮ" አልኩህ። ይሄንን መቼም አልረሳውም። "የዶክትሬት ቋንቋ ሌላ ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ምቺ" አልከኝ። ዝም ብዬ መታሁ። በዓመቱም መታሁ። በሦስተኛው ዓመትማ ቀኑን ብቻ ለውጠን አወጣነው።

ይኸውልህ፣ ዘንድሮ ደግሞ አመለከተች። የሆስፒታሉ ሐኪም ሪኮመንዴሽን ስትለምነው ያው "ጽፈሽ አምጪ" አላት። መጥታ "እታለም፣ ጋሼ የጻፈልኝ ኮምፒውተርሽ ላይ አለ አይደል? እሱን አይቼ አዲሱን ልሥራ" አለችኝ። ፈልጌ አገኘሁትና አተምኩት። እሷ ተመልሳ እስክትመጣ ግን አላስቻለኝም፤ ባሌ ስለ እህቴ ያለውን በጆሮዬ መስማት ፈለግኩ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ የምርምር ጽሑፏ እስኪጠረዝ ተቀምጣለች። "እስቲ ልጄ፣ በአማርኛ አንብቢልኝ፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ነው የጻፈው" አልኳት። ያው እየጎረርኩ ነው። ጀመረችና ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

"ማዘር፣ ሌላ ኮፒ የለም?"

"ይሄ ምን ሆነ?"

"እንጃ፣ ረቂቅ ይሆናል።"

"ረቂቅ አይደለም፣ ሦስቴ የላክነው ነው። አንብቢ።"

አነበበች። ቅን ልጅ ናት፣ ይላል። የታማሚውን ሐዘን ከራሷ ሐዘን መለየት ይቸግራታል፣ ይላል። የዶክትሬትን ጫና የምትሸከም አይመስለኝም፣ አሁን ባለችበት ብትቆይ ለራሷም ለታማሚዎቿም ይበጃል፣ ይላል። ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችና ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

ደሬ፣ የማንንም ሰነፍ ደብዳቤ ሳታነብ ፈርመሃል። በዚያ ሁሉ ዘመን አስበህ፣ ቃል መርጠህ፣ ቁጭ ብለህ የጻፍከው አንድ የእሷን ብቻ ነው። እሱንም የገዛ እህቷ እንድትመታው አደረግክ።

ስትወድቅ ምን እንዳልካት ታስታውሳለህ? ኬክ ገዝተህ መጣህ። "አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለሽ ማን ያይሻል፣ አይዞሽ" ብለህ ጭንቅላቷን ደባበስክ። እኔም አብሬህ የአዲስ አበባውን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እስከ ሰባት ትውልዳቸው ሰደብኳቸው። አሁን ይቅርታ ልጠይቅ ብል አድራሻቸውን የት አገኛለሁ?

ምክንያቱን የማላውቅ እንዳይመስልህ። ያንተንም የዶክትሬት ማመልከቻ የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ አልተቀበሉህም። ከአንተ በኋላ የተቀጠሩ ልጆች ዶክተር ተብለው ሲመለሱ ራት እምቢ ብለህ ትተኛ ነበር። ተማሪ ተሳስቶ "ዶክተር ደረጀ" ሲልህ አርመኸው አታውቅም፤ ቀብርህ ላይ እንኳን የሕይወት ታሪክህን ያነበበው ሰው ዶክተር ብሎሃል፣ እኔም አላረምኩም። ያ ሁሉ አሳዝኖኝ ነበር። በእጅህ ያሳደግካት ልጅ እንዳትቀድምህ በሩን ከውስጥ እንደቆለፍከው ሳውቅ ግን ያ ሐዘኔ ደረቀ።

የሠራሁትን ልንገርህ፣ አንተም ስማው። የሌሎቹን ልጆች ደብዳቤዎች ከፈትኩ። በመልክ የማውቃቸውን ያማሩ ቃላት ከዚህም ከዚያም ለቅሜ አንድ ደብዳቤ ሠራሁ፤ ኤክሰለንትም አለበት፣ ሃይሊ ሬኮመንድም አለበት። ቲተርህ መሳቢያ ውስጥ አለች። መታሁበት። ልጅቷ ለምን ትሰበር፣ ጋሼዋን እንደወደደች ትኑር አልኩ። እንደገና ልሸፍንልህ ነበር፣ ገባህ?

ትዕግሥት ከሥራ ወጥታ መጣች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ሱቁ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ሁለቱም ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ነው። ያማረውን ላወጣ እጄን ስሰድ "እታለም፣ ለምን መማር እንደምፈልግ የምጽፍበት ቦታ ላይ የጋሼን ስም አስገብቻለሁ። ሰው ማዳመጥ ያስተማረኝ እሱ ነው ብያለሁ" አለችኝ ፊቷ በርቶ። እጄ እምቢ አለ። እውነተኛውን አውጥቼ ሰጠኋት። "የተየብኩት እኔ ነኝ" አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀምጣ አነበበችው።

"ሦስቱንም ዓመት?"

"ሦስቱንም።"

"ስትተይቢው ምንም አላወቅሽም?"

"አላወቅኩም፣ ትጂዬ።"

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዝናብ ውስጥ ወጣች። ሁለት ቀን ቤት አልገባችም፣ ስልኳንም ዘጋች። ሁለት ቀን፣ ደሬ። አንተ ስትሞት ሰው ነበረኝ፣ አልቃሽ ነበረኝ፣ ድንኳን ነበረኝ። እነዚያን ሁለት ቀናት ግን ብቻዬን ለቀስተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። ለማንስ ይነገራል?

በሦስተኛው ቀን ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል። ማመልከቻው የሚዘጋው በማግስቱ ነው። "ስለ ራሴ ጥሩ ነገር መጻፍ አቃተኝ። ስጀምር የሱ ቃል ይመጣብኛል። አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፍ" አለች። እኔ! ስንቱን ሰው ሳመሰግን ኖሬ ስለ አንዱ እንኳን ምን እንዳልኩ የማላውቀው እኔ፣ ቁጭ ብዬ ተናገርኩ። ራሷ አጫውታኝ የነበረችውን፣ ከአሪቻ መንደር የመጣችውን ሴት ነገርኳት፤ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የምትሠራ፣ ልጇ ሞቶባት አንደበቷ የተዘጋውን። ትዕግሥት ሦስት ሳምንት ሙሉ እንድትናገር አንድም ቀን አልጠየቀቻትም፤ ጠረጴዛው ላይ ጥሬ ቡና ዘርግታ አብራት ስትለቅም ከረመች። ሴትየዋ በመጨረሻ "ይሄኛውን ፍሬ ተባይ በልቶታል" ብላ አፏን ከፈተች። "አብራት አልቅሳለችም በይ" አልኩ፣ "ምን ነውር አለው?" ጻፈችው። "ሃይሊ የምትለዋንም አስገቢ!" ስላት በዚያ ሁሉ መሐል ሳቀች። "እሷን ሐኪሙ ካመነበት ራሱ ያስገባት" አለች።

ሐኪሙ አነበበው። ይገርምሃል፣ ቁጭ ብሎ አነበበው። አንድ ሁለት ቦታ አስተካክሎ፣ የራሱን ሁለት መስመር ጨምሮ ፈረመ። አንተስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?

ያንተን ስም ግን ከጽሑፏ አላወጣችውም። ተናደድኩ፤ ወንበሩን ገፍቼ ተነሳሁ። "እታለም፣ ማዳመጥ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ይሄ ውሸት አይደለም። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው" አለችኝ። እንግዲህ ትምህርቷ ይሆናል። እኔ ታይፒስት ነኝ።

ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። ታማሚ ፊትሽ ሲያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ ቢሏት "እጠብቀዋለሁ" አለቻቸው። አለፈች፣ ደሬ። ገብታለች። ሰኞ ትሄዳለች፤ ሻንጣዋ ሳሎን መሐል ተከፍቶ እየዞርኩ እየነካካሁት ነው። ባዶ ቤት ልቀር ነው፣ ግን እልል ብያለሁ፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ።

እንደማልረሳህ ቃል እገባልሃለሁ። ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ አዝለህ ወደ ክሊኒክ የወሰድከኝን አልረሳም። ከይርጋጨፌ ይዘሃት ስትመጣ በትንሿ እጇ ጣትህን ጨምቃ የያዘችውን አልረሳም። "ዝም ብለሽ ምቺ" ያልከኝንም አልረሳም። ሁለተኛው ሙት ዓመትህ ሲደርስ የሚገባውን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል፣ ማንም ከፊቴ ላይ ምንም አያነብም።

ባለፈው እሑድ ትዕግሥት ከመሄዷ በፊት መቃብርህ ጋ ሄደች። ነጠላዬን ለብሼ አብሬያት ወጣሁና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቀረሁ፤ እግሬን አሞኛል አልኳት። ረጅም ሰዓት ቆየች። ስትመለስ ጉልበቷ ላይ አፈር ነበር፣ በእጄ አራገፍኩላት። ለነፍስህ ጸልያልሃለች።

እኔ ገና ነኝ።