ያየ ነው ወይስ የሰማ?

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ፋንታሁን፣ እንፍራንዝ።

አባባ፣ ከፋሲካ ወዲህ እንደምን ከርመውልኛል? ዳገት ሲወጡ ያስቸግርዎ የነበረው ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የእናቴ ዓይንስ? ያነከሰው በሬ ቀንበር ጀመረ ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ጤናዬ ሸጋ ነው፤ የድብ ባሕርን ሙቀት ብቻ ገና አልለመድሁትም።

በእኅቴ በዝናሽ እጅ ያስጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። መምህር ወልደ ገብርኤል «አየሩ ተለወጠ የሚሉት ወሬ ነው፤ አንድ የተማረ ሰው ጽፎ አፍርሶታል» አሉዎት። እርስዎም «የተማረ ከተማረ ከተጣላ እኔ ገበሬው ማንን ልመን? መልስህን ሳላይ ዘንጋዳውን አልዘራም» አሉኝ። አምና ቢሆን «ሊቃውንቱ ተስማምተዋል» ብዬ በአንድ መስመር እጨርሰው ነበር። ዘንድሮ ግን እንዲያ ማለት አልሆነልኝም።

በመጋቢት፣ የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ነኝና፣ «ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስብሰባ አለ» ብዬ አስነገርሁ። ሃያ ሰው ቢመጣ ብዬ ስጠብቅ ቀበሌው ግልብጥ ብሎ መጣ። ደስ አለኝ። ለካ «ንብረት» እና «ለውጥ» የሚለውን ሰምተው መሬት እንደገና ሊደለደል መስሏቸው ኖሯል። ወይዘሮ የዓለምወርቅ የመሬት ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የመጡት። ነገሩን ባስረዳ ጊዜ አያ አድማሴ የሚባሉ ሽማግሌ «አየር ደግሞ ምን ንብረት ኖሮት ነው የሚለውጥ? በሬ አለው?» ብለው አሳቁብኝ።

ሳቁ ሲበርድ «የዓለም ሊቃውንት ከጥቂቶች በቀር አንድ ቃል ናቸው» አልሁ። አያ አድማሴ የድንበር ክርክር የሚዳኙ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ መቶ ምስክር ቢቆም፣ አንዱ አይቶ ሌላው ሁሉ ከእሱ ሰምቶ ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው። ያንተዎቹ ያዩ ናቸው ወይስ የሰሙ?» አሉኝ። አባባ፣ ዩኒቨርሲቲ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ይህን የጠየቀኝ አስተማሪ የለም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ጎንደር ሄጄ የቀድሞ አስተማሪዬን ጠየቅሁ። በረዶ የሚለካው፣ ባሕር የሚለካው፣ የዛፍ ግንድ ቀለበት የሚቆጥረው፣ በየአገሩ ለየብቻ ሠርተው ሙቀቱ ጨምሯል ወደሚለው መድረሳቸውን አሳየኝ። ተለያይተው የተጠየቁ ምስክሮች ማለት ናቸው። መምህር ወልደ ገብርኤል የጠቀሱትን የተቃዋሚውንም ጽሑፍ ለምኜ አነበብሁት። ሁሉም ከንቱ አይደለም። «የየአገሩን ዝናብ ገና በቅጡ አታውቁትም» ይላል፤ እዚህ ላይ እውነት አለው፤ አስተማሪዬ ያሳየኝ የእኛ አካባቢ የዝናብ መዝገብም አንዱ ዓመት ሲወጣ አንዱ ሲወርድ ነው። ሙቀቱን ሲክድ ግን የሌሎቹን ልኬት ይነቅፋል እንጂ የራሱን ለክቶ አላመጣም። ተመልሼ ይህን ብነግራቸው አያ አድማሴ «እንግዲህ ካየ ሰው የሰማህ ሆነሃል፤ ከሰማ ከመስማት ይሻላል» አሉኝ።

ስለዚህ አባባ፣ ለመድረስ ረጅም ክረምት የሚሻውን ዘንጋዳ እርጥበት በሚይዘው በወንዙ ዳር ማሳ ብቻ ይዝሩ። ላይኛውን ቶሎ ለሚደርሰው ጤፍ ያቆዩት። ክረምቱ ቢረዝምም ቢያጥርም አንዱ አያሳፍርዎትም። ይህ የእኔ ምክር እንጂ የሊቃውንቱ ቃል አይደለም፤ ከተሳሳትሁ በእኔ ይፍረዱ። መምህር ወልደ ገብርኤልንም አይቀየሟቸው፤ «ያዩ ነዎት ወይስ የሰሙ?» ብለው ብቻ ይጠይቋቸው።

እኔ እስካሁን የሰማሁ ነኝ። እርስዎ ግን አርባ ክረምት አርሰዋል። የጓሮው ምንጭ በየትኛው ዓመት እንደ ደረቀ፣ ዘንጋዳው ድሮ በየትኛው በዓል እሸት ያደርስ እንደ ነበር፣ አሁንስ መቼ እንደሚያደርስ ይንገሩኝ።

ዝናሽን በጣም አድርጌ ሰላም ብያለሁ፤ ጸሐፊዋ እሷ ትሁን። አጎቴን ሐብተ ማርያምን፣ ጎረቤታችንን እትዬ አምሳልን እንደምን ናችሁ በሉልኝ። እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ምንጩን ስትቀዳ የኖረች እሷ ናትና ቃሏ ያስፈልገኛል፤ ዝናሽ እርስዎን ስትጠይቅ ግን እናቴ ከቤት ትውጣ፣ እናቴን ስትጠይቅ ደግሞ እርስዎ።

ልጅዎ ሰውአገኝ ፋንታሁን
ድብ ባሕር፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2001 ዓ.ም.