ብልጭ ድርግም የሚለው ሐረግ

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለሜ ለፋና፣ ባለሽበት ቤሩት፤

እንደምን ከረምሽ? እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንደምን ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? እመቤትሽስ የዕረፍት ቀንሽን ትሰጥሻለች ወይስ አሁንም እንግዳ መጣብኝ እያለች ታስቀርሻለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ደኅና ናት፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ሌላ የሚያማት የለም። ታናሻችን ደግሰው በቁመት እኔን አልፎኛል፤ ሱሪው ሁሉ አጥሮበት የሰው የለበሰ ይመስላል። ገብሱ ታጭዶ ገብቷል፣ ከአምናው ይሻላል። ቤቱ ውስጥ የጎደለው ከጓዳ የሚመጣው የአንቺ ሳቅ ነው።

ለምን በስልክ ድምፅ ቀድቼ እንዳልላክሁልሽ ሳይገርምሽ አይቀርም። ድምፅ ቤት መሐል ነው የሚከፈተው። አንቺ የምትመልሺውን እማዬ ትሰማለች፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ከጎረቤት ደግሞ ጋሽ ታፈረ ሱቅ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ ወረቀቱን በሙጫ ዘግቼ ወደዚያው ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ልጅ እሰጣታለሁ። ተከፍቶ ከደረሰሽ ግን እንዳትደብቂኝ።

ጋሽ ታፈረን ታውቂዋለሽ፣ ገበያው ዳር ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነውን። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስምንተኛ ላይ ካቆምሁ ወዲህ እሱ ዘንድ ሱቅ እየጠረግሁ፣ ሲወጣም እየጠበቅሁለት፣ ሙያውን በዓይኔ ለቀምሁ። መበየጃውን መጀመሪያ ያስያዘኝ እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። አንድ ቀን የሬዲዮ ዕቃ የሚበየድበት፣ መዳብ የተለበጠ ባዶ ቦርድ ጠረጴዛው ሥር ወድቆ አገኘሁና ልሥራበት ብዬ ጠየቅሁት። “መቼም አበላሽተሽ ልትጥይው ነው፣ ውሰጂው” አለኝ። ውሰጂው ማለቱን ያዢልኝ።

የሣልሁበት ሐረግ ነው። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብራና ላይ ሲስለው ትዝ ይልሽ የለ? አንዱ መስመር በሌላው ላይ እያለፈ፣ በሥሩ እየገባ፣ መነሻው የቱ እንደሆነ የማይታወቀው። ቦርድ ላይ ግን መስመሩ መብራቱ የሚሄድበት መንገድ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ከነካ ምንም አይበራም። ብዙ ቀን አሰብሁበት። በኋላ መስመሮቹ በሚተላለፉበት ሁሉ አንዱን አቋርጬ በቦርዱ ጀርባ በቀጭን ሽቦ አሻገርሁት። ከፊት ስታዪው በእውነት በሥር ያለፈ ይመስላል። የሣልሁት አንቺ በላክሽልኝ ቀይ የጥፍር ቀለም ነው፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ። አሲድ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ ያረፈበት መዳብ ይቀራል፣ የቀረውን አሲዱ ይበላዋል። እማዬ ጣቴ ላይ ቀለም አይታ “ለማን ነው የምትቀቢው?” ብላ ስትመረምረኝ ሰነበተች። በየቋጠሮው ላይ ከተጣሉ ሬዲዮኖችና መጫወቻዎች የነቀልኋቸውን ጥቃቅን መብራቶች በየድሁ። ቀዮቹ ሲበሩ አረንጓዴዎቹ ይጠፋሉ፣ አረንጓዴዎቹ ሲበሩ ቀዮቹ ይጠፋሉ። መጀመሪያ የበራ ዕለት ለማንም አልነገርሁም። ነጠላዬን ከላዬ ደፍቼ ብቻዬን አየሁት።

ከጥምቀት በኋላ ወልድያ ካለ የሙያ ማሠልጠኛ ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል። የትምህርት ማስረጃ የሌለው በእጁ የሠራውን ያሳይና ከወደዱለት ይወስዱታል። እታለሜ፣ እኔ ሌላ የማሳየው ምን አለኝ? ይህ ቦርድ የሌላ ሰው ነው ከተባለ እኔ ሱቅ ጠራጊ ነኝ፣ እንደዚያው ነው የምቀረው።

ጋሽ ታፈረም ይህን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ጠባዩ ተለወጠ። የመበየጃ እርሳስ አባከንሽ እያለ ሲቆጣኝ የነበረው ሰውዬ “ነይ እስቲ ባለሙያዋ፣ ሻይ ጠጪ” ማለት ጀመረ። ሳይታሰብ ሻይ የሚጋብዝ ሰው እኔን ያስፈራኛል። አንድ ቀን ውኃ ይዤ ስገባ ቦርዱን በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ ደረስሁበት፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ሲያየኝ ስልኩን ደፋ አደረገው። “ለማስታወሻ ነው” አለ። የጀርባ ሽቦ ለማን ነው ማስታወሻ የሚሆነው? ኩልመስክ ያለችው የእህቱ ልጅም እንደ እኔ ትምህርት አቋርጣ ቁጭ ብላለች፤ እሷም ለወልድያዎቹ የምታሳየው ያስፈልጋታል። ሰንበት ብሎ ደግሞ ጥጉ ላይ በመዳብ ያስቀረሁት ስሜ ላይ የሱቁ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁት። ስጠይቀው “ከዚህ በሚወጣ ሁሉ ላይ ይለጠፋል፣ ምን ነክቶሻል?” አለኝ። እውነቱን ነው፣ በሁሉም ላይ ይለጥፋል። ግን ከዚያ ሁሉ ቦታ ስሜ ላይ?

በገበያ ቀን ሱቁ ሰው ሞልቶት ሳለ አንዲት ሴትዮ “ይህን የመሰለ ነገር ማን ነው ያበጀው?” ብላ ጠየቀች። ጋሽ ታፈረ ፈገግ ብሎ “ታዲያ በዚህ ሱቅ ባለሙያ ማን አለ?” አላት። እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ። “ስለት ነው! ለማርያም የተሳልሁት ነው!” አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጋሽ ታፈረ እጁን እንደፈጀው ሰው ከቦርዱ ላይ አነሣ። የማርያምን ስለት ማን ይነካል? ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ከእኔ ቀድማ ለእማዬ አድርሳላት ኖሮ ቤት ስገባ እማዬ ታለቅሳለች። “ለፋና ነው አይደል? በሰላም እንድትገባልን?” አለችኝ። ምን ልበላት? ራሴን ነቀነቅሁ።

ከእሱ አስጣልሁ ስል ከራሴም አስጣልሁት። ስለት ከአፍ ከወጣ በኋላ ቤት አይቀመጥም።

ለቄሰ ገበዙ ለአባ ወልደ ሰንበት ስወስድላቸው ሽቦውንና ብልጭታውን አይተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። “አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር እየቆጠረ ነው እንዴ?” አሉ። “አይቆጥርም አባቴ፣ ይበራል ይጠፋል እንጂ” ብላቸውም ከቅጥሩ ውጭ ጥዱ ሥር አስቀምጪው አሉኝና ከዲያቆናቱ ጋር ርቀው ቆመው እስኪፈነዳ ጠበቁ። አልፈረድሁባቸውም፣ ጊዜው እንደዚህ ነው። አልፈነዳ ሲል ቀረብ ብለው፣ አጎንብሰው፣ ብዙ አዩት። በመጨረሻ “ይህማ የገብረ ዮሐንስ ሐረግ ነው” አሉ። የአባታችንን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ደጀ ሰላሙ ላይ ሰቀሉት። ስለት ያስገቡ ሰዎች ስም በድምፅ ማጉያ ሲነገር ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምሁ። አሁን ሰው ሁሉ ያውቃል ብዬ ነበር። “መብራት ያስገባች አመተ ጊዮርጊስ!” ተባለ። አባ ስም ሲጠይቁኝ እንደ ወጉ የክርስትና ስሜን ነበር የሰጠኋቸው። ሕዝቡ እልል አለ፤ አመተ ጊዮርጊስ ማን እንደሆነች ግን ከእማዬና ከእሳቸው በቀር ማን ያውቃል? አጠገቤ የቆሙ ሴቶች “መነኩሲት ትሆናለች” ተባባሉ። ከኋላዬ የጋሽ ታፈረ ድምፅ “ከእኛ ሱቅ የወጣ ነው” ይላል።

በማግሥቱ አባ ዘንድ ሄጄ የወልድያዎቹ ሰዎች የሚመጡ ዕለት ብቻ እንዲያውሱኝ ለመንኋቸው። “የገባ ስለት አይወጣም ልጄ” አሉ። እግራቸውን ስሜ ልሄድ ስል ጠሩኝ። “ሰዎቹ ግን መግባት ይችላሉ። እኔው አመጣቸዋለሁ። ማን እንደሠራው ግን አልናገርልሽም፣ አፍ ሰጥቶሻል” አሉኝ።

ጋሽ ታፈረ ይህን ከየት እንደሰማ እንጃ። ትናንት “ሰው ስታዪ እንዳትደነግጪ አብሬሽ እቆማለሁ” አለኝ። ሊያግዘኝ ይሆናል። ቀድሞኝ ሊናገር ይሆናል። ፊቱ ላይ ሁለቱ አይለዩም። “ጋሼ፣ አትምጣ። ብቻዬን ነው የምቆመው” አልሁት። ወዲያው “እሺ” አለ። እሺ ያለበት ፍጥነትም አላማረኝ።

ለእማዬ ስለቱ ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንዳትነግሪብኝ። በንዴት የወጣ ቃል ነበር፤ ደጁን ሳልፍ ግን ስምሽን ጠርቼ ነው ያስገባሁት፣ ስለዚህ ውሸት መሆኑ ቀርቷል። አሁን ቤት ሰው በሌለ ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሬ “እኔ ነኝ የሠራሁት” እያልሁ እለማመዳለሁ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር የምለው። ዛሬ ጮክ ብዬ ስለው ደግሰው ከደጅ “ምኑን?” አለኝ። አስገብቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት።

እማዬ ጉንጭሽን ደጋግማ ስማሻለች፤ ራስሽን ከብርድ ጠብቂ ትልሻለች። ደግሰው ሰላም ብሎሻል፤ ጫማ ከላክሽ ቁጥሩ መጨመሩን እንዳትረሺ ብሏል። አባ ወልደ ሰንበት በጸሎት እንደሚያስቡሽ ንገሪያት ብለውኛል። ጋሽ ታፈረም “ለፋና ሰላም በዪልኝ” ብሎኛል። ለአንቺ እንደምጽፍ ግን እኔ አልነገርሁትም።

ታናሽ እህትሽ ባንቺዓለም
ላስታ፣ ገነተ ማርያም
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.