ቤቱ ካሳሽ ነው

ሰኔ 3

ቀኑን ሙሉ ሹሩባ። የመጨረሻዋ ደንበኛዬ ነርስ ናት። ስልኳ በጮኸ ቁጥር አንገቷን ታዞራለች፤ ጉንጉኑ ይፈርሳል፤ እንደገና እጀምራለሁ። ሌላ ጊዜ አንገትሽን ብቻ ላኪልኝ አልኳት። ሳቀች። ጣቴ ዝሏል።

ዝናብ ገባ፤ ቆርቆሮው ያፈሳል። ጋሽ ምንዋጋው ነገ እመታዋለሁ ብለዋል። ይመቱታል። እንዲህ ያለ አከራይ ሰቆጣ ውስጥ የት ይገኛል? ከጽጽቃ ስመጣ ዋስ እንኳ አልጠየቁኝም። ውሻቸው ብቻ... መከታ ይሉታል። አይወደኝም። እኔም አልወደው።

ሰኔ 6

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ዶሮ የጫረው ይመስላል።

ትናንት ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ስሄድ ነከሰኝ። ለሌባ ብለው ማታ ሰንሰለቱን አስረዝመውት ኖሯል፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። ቀኝ እጄን ከነአውራ ጣቴ ይዞ አልለቅ አለ። እትዬ ጥሩሐረግ፣ የጋሽ ምንዋጋው ባለቤት፣ በእንጨት መትተው አስጣሉኝ። ቡና ዱቄት ነሰነሱበት። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ዱቄቱን እያጠበ ተቆጣኝ፤ ውሃና ሳሙና ነበር የሚያስፈልገው አለ። የእብድ ውሻ መርፌ ጀመርኩ።

ሰኔ 10

ውሻው ዐሥር ቀን ይጠበቅ ተብሏል። ካበደ ይሞታል፤ ካልሞተ ጤነኛ ነው። እንግዲህ ለመከታ ዕድሜ እየለመንኩ ነው። በመስኮት አየዋለሁ። በላ? ጠጣ? ለሃጩ ይዝረበረባል? ጉድ እኮ ነው፣ የነከሰኝን አስታማሚ ሆንኩ።

ሰኔ 17

ውሻው ደህና ነው። ያልዳንኩት እኔ ነኝ።

አውራ ጣቴ አይታጠፍም። ጅማቱ ተጎድቷል፣ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፣ ደሴ ሂጂ ተባልኩ። ያለ አውራ ጣት ሹሩባ አለ? አብራኝ የምትሠራው ሸጌ የእኔንም ደንበኞች ይዛለች። እያየችኝ ስትሠራ ታፍራለች፤ እኔም ማየቱ ያመኛል።

ማታ ጋሽ ምንዋጋው ማር ይዘው መጡ። እጅሽ እስኪድን ኪራይ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ፣ ልጄ ነሽ አሉኝ። አለቀስኩ። ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ሐምሌ 1

የሽንት ቤቱ መንገድ በመከታ በኩል ነው። ሰንሰለቱ እዚያ ድረስ ይደርሳል። እትዬ ካልያዙልኝ አልወጣም። በዚህ ዕድሜዬ ሽንቴን ለመሽናት ሰው አስፈቅዳለሁ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ በሬን ዘግቼ ጠበቅኳቸው። ምን ያህል እንደቆዩ ፈጣሪ ይወቀው።

ውሻውን ወደ ጓሮ ይውሰዱልኝ አልኳቸው፣ ጋሽ ምንዋጋውን። ሌባ በዝቷል አሉ። ድሮ ቢሆን እጨቃጨቅ ነበር። ኪራይ የማይከፍል ሰው በምን አፉ ይጨቃጨቃል?

ሐምሌ 11

የደሴውን ሕክምና አነሳሁባቸው። ፈርቼ ፈርቼ። ሰሙኝና፣ "ቤቱን በነፃ ሰጥቼሽ የለም እንዴ?" አሉ። አዎ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐምሌ 15

ሸጌ እየጎተተች ፍርድ ቤት ወሰደችኝ። እዚያ በነፃ የሕግ ምክር የምትሰጥ ፅዮን የምትባል ልጅ አለች። ሰውየው እኮ ክፉ አይደሉም፣ ሆን ብለው አላስነከሱኝም አልኳት። ሕጉ ክፋታቸውን አይጠይቅም አለች። የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ለሕክምናው፣ ሥራ ለፈታሁበት፣ ወደፊትም ለሚቀርብኝ ገቢ። ለመክሰስ ሁለት ዓመት አለሽ፤ ማስረጃ ግን አሁን ሰብስቢ አለችኝ፤ የሐኪም ወረቀት፣ ያየ ሰው።

"ሽማግሌ ሲመጣብሽ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። በዕርቅ የፈረምሽው እንደ ፍርድ ነው።"

ሽማግሌ ምን ያደርጋል፣ እኛ አልተጣላንም አልኳት። ፈገግ አለች።

ያየ ሰው... ያዩት እትዬ ብቻ ናቸው። በባላቸው ላይ ሊመሰክሩ?

ሐምሌ 24

እናቴ ከጽጽቃ ደወለች። ወሬው ከመኪና ቀድሞ ደርሷል። ያስጠጋሽን ሰው ልትከሺ ነው? አለችኝ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፣ አንቺ ግን... አለችና የቀረውን ዋጠችው። ከውሻ አነስኩ ማለት ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው መልስ የመጣልኝ፤ የእኔ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ነው። ክሱን ላስገባ? ካስገባሁ እኔስ የት እገባለሁ?

ነሐሴ 2

ተዘጋ። አላስገባሁም።

ነሐሴ 10

ሽማግሌ መጣ። የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሐዋርያት፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ ጋሽ ምንዋጋው። ይቅር በይ አሉኝ። አንደኛው ጎረቤት ስምሽ ምሕረት ሆኖ እንዴት ትጨክኛለሽ አለኝ። ይቺን ቀልድ ሰምቼ ጠገብኳት።

ወረቀት አወጡ። ተጽፎ ያለቀ ነው። ምሕረት እስክትድን በነፃ ትኖራለች፤ ሌላ ካሳ አትጠይቅም።

"ቤቱ ካሳሽ ነው" አለ ምንዋጋው። አለ ብያለሁ፤ አንቱታው ለጊዜው ይቅርበት።

እጄ ሳይታከም እንዴት ይድናል? ካልዳንኩስ ከዚህ ግቢ መቼ ልወጣ ነው? ጠየቅኩ። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። አባ ሲወጡ ፍልሰታ ሳያልፍ ጨርሺው፣ ቂም ይዘሽ አትቆርቢም አሉኝ። ከሁሉ እሱ ከበደኝ።

ነሐሴ 14

ይቅር... አንዲት ቃል ናት። በደሉም ይቅር፣ ካሳውም ይቅር። ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ሊያስብሉኝ ነው። ተቀይሜአለሁ? አዎ፣ አንጀቴ እስኪቃጠል ተቀይሜአለሁ። ቂሙን ብተው ደስ ይለኛል፤ ሰው ቂም ተሸክሞ እንዴት ይተኛል? እጄን ግን ለማን ልተወው?

ነሐሴ 15

ተሰበሰቡ። ተነስቼ ቆምኩ።

"ይቅር ብያለሁ፤ በአፌም በልቤም። ካሳውን ግን ይቅር አላልኩም። እሱን ዳኛ ይየው።"

ያ ጎረቤት ይሄ ምን የሚሉት ይቅርታ ነው አለ። ሁሉም ወደ አባ ዞሩ። አባ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ። በመጨረሻ፣ ቂም የለኝም ካለች ትቁረብ፣ የካሳውን ነገር እኔ አላስርም አልፈታም አሉ። ምንዋጋው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ነሐሴ 16

ቆረብኩ።

ነሐሴ 19

ቤቱን ልቀቂ ተባልኩ። በእትዬ በኩል ነው የላከብኝ። ልጄ ነሽ ያለኝ አፍ ነው ይሄ። እሳቸው መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። ዕቃዬን ሲያግዙኝ ጠጋ ብለው፣ "ከተጠራሁ ያየሁትን እናገራለሁ። አንቺ ግን አትጥሪኝ፣ አደራሽን" አሉኝ።

እሺም እንቢም አላልኳቸው።

መስከረም 8

ሸጌ ጋ ነኝ። ፍራሽ መሬት ላይ። ሽንት ቤት ማንንም ሳላስፈቅድ እሄዳለሁ፤ ይሄ ተድላ ነው። ሌላው ግን... ድሮ ወረፋ ይዘው የሚጠብቁኝ ደንበኞቼ አሁን ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። ያስጠጋትን የከሰሰች ይሉኛል። ገና ሳልከስ! ስሙን ከተሸከምኩት አይቀር...

ጥቅምት 6

ክሱን አስገባሁ። ፅዮን ምስክር ማን ልበል አለችኝ። ብዕሯን ይዛ ጠበቀችኝ። መስኮቱን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ። አደራ ብለውኛል። ሌላ ያየ ደግሞ የለም።

የእትዬን ስም ነገርኳት። ስትጽፈው አላየሁም።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ ምስክር ተሰማ።

ዳኛዋ መጀመሪያ ጋሽ ምንዋጋውን ውሻው የማን ነው አሏቸው። የግቢው ነው አሉ። ግቢውስ የማን ነው? ጋሽ ምንዋጋው ወደ እኔ ዞረው፣ "እሷም የግቢው ልጅ ነበረች" አሉ። ዳኛዋ መታረቅ ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ፣ ታርቀናል፣ ክሱን ግን እቀጥላለሁ አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

እትዬ ተጠሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ወደ እኔም ወደ ባላቸውም አላዩም። ማሉ።

"ሰንሰለቱን ያስረዘምነው እኛ ነን። ለልጅቷ አልነገርናትም።"

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመሩም። ፅዮን ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ከእንግዲህ ካሳውን ማስቀረት ይከብዳቸዋል አለች። ፍርዱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ደሴ እሄድ ይሆናል። ጣቴም ይታጠፍ ይሆናል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ስንወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ጋሽ ምንዋጋው ከፊት፣ እትዬ ከኋላ፣ በጣም ራቅ ብለው። ሮጬ ልድረስባቸው አልኩ፤ ደርሼ ምን እላቸዋለሁ? እኔ ከዚያ ግቢ ወጥቻለሁ። እትዬ ግን ዛሬም እዚያው ነው የሚገቡት።